ጎርፍ የሚያጥበውን መሬት አስቀድሞ መለየት፦ ለተፋሰስ ሥራ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል አርሶ አደሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። ይህ ሁሉ ጉልበት ፍሬ የሚሰጠው ሥራው የሚያርፍበት ቦታ በትክክል ሲመረጥ ነው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ አፈር ከሁሉም ቦታ እኩል አይታጠብም፤ አብዛኛው ደለል የሚመነጨው ከተወሰኑ ማሳዎች፣ ከተራቆቱ ገመገሞችና ከጥቂት ቦረቦሮች ነው። እነዚህ ቦታዎች ሳይለዩ የኪሎ ሜትር ዕቅድ ብቻ ተይዞ ሥራ ሲጀመር ሰው የሚሰማራው ለመቆፈር ወደሚመቸው ቦታ ይሆናል፤ አፈሩ የሚሄድበት ቦታ ግን ሳይነካ ይከርማል። ሕዝቡ በነፃ የሚሰጠው ጉልበት ከባድ ዋጋ ያለው ስለሆነ እንዲህ መባከኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ዕቅድን በብዛት የሚያበላሸው ግምት «ተዳፋት መሬት ሁሉ አደገኛ ነው፣ ሜዳ ሁሉ ደህና ነው» የሚለው ነው። ቁልቁለት አንድ ምክንያት ብቻ ነው። የዝናቡ ጉልበት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ውሃው ሳይቋረጥ የሚወርድበት ርዝመት፣ መሬቱ በክረምቱ መግቢያ የለበሰው ሽፋን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃው የሚሰበሰብበት መንገድ ተደምረው ካልታዩ ፍርዱ ይሳሳታል። በሣር የተሸፈነ ገደላማ ቦታ ለጤፍ በደንብ ከለሰለሰ መካከለኛ ተዳፋት ያነሰ አፈር የሚያጣበት ጊዜ ብዙ መሆኑን ከታች በስሌት እናያለን።

ይህ መመሪያ ለቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች፣ ለተፋሰስ ኮሚቴ አባላትና በሙያው አዲስ ለሆኑ ምሩቃን የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ የአካባቢው 1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታ ወይም ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ እኩል ቁመት ያላቸውና በሴንቲ ሜትር የተመለከቱ ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ዶማ እና ደብተር። ጊዜውን በተመለከተ፣ የጎርፉን መንገድ ለመመልከት ሐምሌና ነሐሴ፣ ለልኬትና ለካርታ ሥራ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ። እንዲህ ከሆነ ጥር ሲገባ ዕቅዱ ዝግጁ ይሆናል።

አንደኛ፦ የተፋሰሱን ወሰን ማስመር

ሥራው ከታች ይጀምራል። ከአካባቢው የሚወርደው ውሃ በሙሉ ተሰብስቦ የሚያልፍበትን መውጫ፣ ለምሳሌ የጅረት ድልድይ ወይም የሁለት ወንዞች መገናኛ ይምረጡ። ከዚያ በካርታው ላይ በሁለቱም በኩል ወደ ላይ እየወጡ የተረተሩን ጫፍ እየተከተሉ ያስምሩ። በተጠራጠሩበት ቦታ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ እዚህ የወደቀ ዝናብ ወዴት ይፈሳል? ወደ መውጫው የሚፈስ ከሆነ ከወሰኑ ውስጥ ነው፣ ወደ ሌላ ሸለቆ የሚፈስ ከሆነ ውጪ ነው።

በአገራችን ለኅብረተሰብ ተፋሰስ ዕቅድ የሚመከረው ስፋት ከ200 እስከ 500 ሄክታር ገደማ ነው። ይህ ስፋት በእግር ተዞሮ የሚታይ፣ ነዋሪው እርስ በርሱ የሚተዋወቅበትና ከላይ ያለው አርሶ አደር ከታች ካለው ጋር ተቀምጦ ሊነጋገርበት የሚችል ነው። ካርታ የማያሳየው አንድ ነገር ግን አለ። የመንገድ ዳር ቦይ ከሌላ ተፋሰስ ውሃ ጠልፎ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ወሰኑን የሚያቋርጥ መንገድ ካለ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦው የሚተፋበትን ቦታ በእግር ሄደው ያረጋግጡና በካርታው ላይ ምልክት ያድርጉ። በርካታ ትኩስ ቦረቦሮች የሚጀምሩት ከእነዚህ ቱቦዎች ሥር ነው።

ሁለተኛ፦ ቁልቁለትንና ርዝመትን መለካት

በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው። የእኩል ከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሰመሩ ከሆነ፣ ሁለት ተከታታይ መስመሮች በካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ የመሬቱ ቁልቁለት 10 በመቶ፣ 2 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ 20 በመቶ ይሆናል፤ ከ1.3 ሚሊ ሜትር በታች ከተጠጋጉ መሬቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው። ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይህንኑ ሥራ በነፃ ከሚገኝ የሳተላይት ከፍታ መረጃና ከኪው ጂ አይ ኤስ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም በፍጥነት ማግኘት ይችላል። ሆኖም መረጃው 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች የተከፋፈለ በመሆኑ አጫጭር አፋፎችን፣ የቆዩ እርከኖችንና የቦረቦር ራሶችን ደብዛቸውን ያጠፋቸዋል። ስለሆነም የኮምፒውተር ካርታ ወዴት መሄድ እንዳለብን ይጠቁመን እንጂ በእግር ከመሄድ አያድነንም።

በማሳ ላይ ልኬቱ የሚከናወነው በሦስት ሰው ነው። አንዱ አንደኛውን ዘንግ ይዞ ከላይ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ሦስተኛው በሲባጎው መካከል የተንጠለጠለውን ውሃ ልክ እያየ የላይኛው ሰው ሲባጎውን በዘንጉ ላይ ዝቅ እንዲያደርግ ይነግረዋል። አረፋው መሐል ላይ ሲቆም በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው የሲባጎ ቁመት ልዩነት ይነበባል። ልዩነቱ 120 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ10 ሜትር 1.2 ሜትር ስለወረደ ቁልቁለቱ 12 በመቶ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች መለካት ይገባል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ተዳፋት ሆዱ የገባ ወይም ጀርባው ያበጠ ነው። በመቶኛ እና በዲግሪ መካከል ያለውን ልዩነትም ይጠንቀቁ። 30 በመቶ ማለት 17 ዲግሪ፣ 60 በመቶ ማለት 31 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ 45 ዲግሪ ደግሞ 100 በመቶ ነው። በስልክ ላይ የሚጫኑ መለኪያዎች በዲግሪ የሚያነቡ ከሆነ ይህን አለማስተዋል መሬቱን ከሚገባው ክፍል ግማሽ ያህል ዝቅ አድርጎ ያስመድባል።

የተለካው ቁልቁለት በተለምዶ ከ0 እስከ 3 በመቶ ሜዳ፣ ከ3 እስከ 8 ለዘብ ያለ ተዳፋት፣ ከ8 እስከ 15 ተዳፋት፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ ገደላማ፣ ከ30 እስከ 50 ገደላማ፣ ከ50 በላይ እጅግ ገደላማ ተብሎ ይመደባል። ከቁልቁለቱ ጋር ርዝመቱን መመዝገብ አይዘንጉ። ርዝመት ማለት ውሃው መፍሰስ ከሚጀምርበት ቦታ አንሥቶ እርከን፣ የሣር ድንበር፣ ቦይ ወይም ሜዳ አግኝቶ እስከሚቆምበት ድረስ ያለው ነው። በባለቤትነት ድንበር መወሰን የለበትም፤ ውሃው የላይኛውን ሰው ማሳ አቋርጦ ወደ ታችኛው የሚገባ ከሆነ ሁለቱ ማሳዎች ለዚህ ልኬት እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛ፦ አፈሩን መመርመር

አርሶ አደሩ አፈሩን በቀለሙና በጠባዩ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ምደባው ከእርሱ ዕውቀት ይጀምር። ጥቁሩ አፈር በቀላሉ የማይበታተን ሲሆን፣ ቡናማው፣ ቀዩና ቢጫው በቅደም ተከተል ለመታጠብ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ከቀለሙ ቀጥሎ ጥልቀቱ ይታያል። በዶማ ቆፍረው ድንጋይ ወይም ጠንካራ ንጣፍ እስከሚያገኙ ድረስ ይለኩ፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እጅግ ስስ፣ ከ25 እስከ 50 ስስ፣ ከ50 እስከ 100 መካከለኛ ነው። ጥልቀት በሁለት በኩል ወሳኝ ነው። ስስ አፈር ውሃ የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ቶሎ ጎርፍ ይለቅቃል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሚያጣው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከቀሪ ዕድሜው ላይ የሚቀነስ ነው። ባለ 150 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መሬት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ቢያጣ ጊዜ አለው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ የቀረው ጭንጫ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያልቃል።

የአፈሩን ጥንካሬ ለማወቅ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የአውራ ጣት ራስ የሚያህል ደረቅ ጓል ከማሳው አንሥተው ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለው ያስቀምጡ። ጓሉ ወዲያው ፈርሶ ውሃውን ካደፈረሰ፣ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብም ማሳውን እንዲሁ ያፈርሰዋል ማለት ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ ቅርጹን ይዞ ከቆየ ፍግና ሥር አስተሳስረውታል። ከአንድ ማሳ ላይ አንድ ጓል፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ሣር ሌላ ጓል ወስደው በሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ቢያሳዩ፣ ረጅም ንግግር የማያስረዳውን ነገር ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየዋል።

አራተኛ፦ ሽፋኑን ከወሩ ጋር ማየት

ብዙ የሽፋን ካርታዎች የሚሠሩት ሰማዩ ጥርት ካለባቸው የበጋ ወራት የሳተላይት ምስል ነው። ለአፈር ጥበቃ ግን ማሳው በኅዳር ምን እንደሚመስል ማወቁ ብዙም አይረዳም። መታወቅ ያለበት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲበረታ መሬቱ ምን ለብሶ እንደሚገኝ ነው። በደጋው ወንዞች ውስጥ የደለሉ መጠን ከውሃው ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ የሚሆነው በክረምቱ መግቢያ ሲሆን፣ ነሐሴ ገብቶ አዝመራው መሬቱን ሲሸፍን እየቀነሰ ይሄዳል።

ጤፍ በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ በብዙ ቦታም ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል፤ ዘሩ የሚወርደው ዝናቡ በጠናበት በሐምሌ ነው። ቡቃያው መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ያሉት ሳምንታት ማሳው ራቁቱን ለጎርፍ የሚጋለጥባቸው ናቸው። በቆሎና ማሽላ ቀደም ብለው ስለሚዘሩ ዝናቡ ሲጠና ቅጠል አውጥተው ይጠብቁታል። ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ ለእያንዳንዱ ማሳ የሰብሉን ዓይነት፣ የሚዘራበትን ሳምንት፣ የሚታረሰው አግድም ይሁን ሽቅብና ቁልቁል፣ ትርፍ ውሃ ለማስወጣት የሚቀደድ ፈሰስ መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። ፈሰሱ ወዴት እንደሚያወርድም አብሮ ይመዝገብ። ማሳውን ከውሃ መተኛት የሚያድን ፈሰስ ከጎረቤቶቹ ፈሰሶች ጋር ተገናኝቶ ከታች ላለው ሰው ቦረቦር ሊሆንበት ይችላል። ከጎረቤት ጋር የሚያጣላውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ በተፋሰስ ኮሚቴው ፊት በግልጽ ሊነሣ ይገባል።

አምስተኛ፦ በዝናብ ወቅት መዞር

እኔ እንደማምነው ከሁሉም ደረጃዎች የማይታለፈው ይህ ነው። ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ መሬቱ ገና ውሃ እያወረደ ሳለ ከተፋሰሱ አናት እስከ መውጫው በቀጥታ እየወረዱ ይሂዱ፤ በሌላ ቀን ደግሞ አግድም ያቋርጡ። በየትኛው ቦታ ላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ በየትኛው ላይ ቡና የመሰለ ጎርፍ እንደሚወርድ ይመልከቱና እየተከተሉ ወደ ምንጩ ይውጡ። ጎርፍ የሞላ ጅረት አይሻገሩ፣ የቦረቦር አፋፍ ላይም አይቁሙ።

ለብቻዎ አይሂዱ። አካባቢውን ረጅም ዘመን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ካርታ ላይ የሌለ ታሪክ ይነግራሉ። «አባባ፣ ይህ ቦረቦር በልጅነትዎ ነበር ወይ? መጀመሪያ የጀመረው የት ላይ ነው?» «እማማ፣ ከምንጩ ውሃ ሲቀዱ መደፍረስ የጀመረው መቼ ነው?» «ይህ ድንጋይ ድሮ ከአፈሩ በላይ ይታይ ነበር?» «ይህ ማሳ በፊት ምን ያበቅል ነበር?» እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚያስገኙት መልስ የመሸርሸሩን ፍጥነት በዓመታት ለመገመት ይረዳል። ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ከብት የሚጠብቁ ልጆች ለስብሰባ የማይጠሩ ቢሆኑም የውሃውንና የከብት መሄጃውን ነገር ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በመሬቱ ላይ የሚፈለጉት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ጠጠር ወይም የሣር ጉቶ በትንሽ የአፈር ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ቆሞ ከታየ፣ በዙሪያው ያለው አፈር በዚያ ምሰሶ ቁመት ልክ ታጥቧል። የዛፍ ሥር ከመሬት በላይ ወጥቶ ከታየ ከፍታውን ለክተው በዛፉ ዕድሜ ያካፍሉ። በማሳው ጀርባ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሰብሉም የሚያጥርበት ቦታ ካለ የላዩ አፈር ሄዶ የታችኛው ወጥቷል ማለት ነው። ከሣር ድንበር ወይም ከካብ በላይ በኩል ደለል ተቆልሎ ካገኙ ደግሞ አፈሩ ከላይ እየመጣ እንደሆነ፣ ካቡም እየሠራ እንደሆነ ያስረዳል።

በማሳው ላይ የሚታዩትን ትናንሽ ቦዮች መለካት ይቻላል። አንድ ቦይ 20 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው የተወሰደው አፈር 0.24 ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ላይ እንዲህ ያሉ አሥር ቦዮች ካሉ 2.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል 2.9 ቶን ገደማ፣ በሄክታር ሲሰላ ደግሞ 11.5 ቶን ይደርሳል። ይህ በቦዮቹ ብቻ የሄደው ነው፤ በቦዮቹ መካከል በስሱ እየተገፈፈ የሄደው አልተቆጠረም። የሚቀጥለው እርሻ ቦዮቹን ስለሚደፍናቸው ልኬቱ ከእርሻ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ቦረቦር ለብቻው ምርመራ ይፈልጋል፤ ባለሙያዎችም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን፣ ማለትም የላይኛውን ጫፉን፣ ትተው ሆዱን ይመለከታሉ። ቦረቦር የሚያድገው ከራሱ ነው። ውሃው ከአፋፉ ወርዶ ሥሩን ሲመታ ገንዳ ይቆፍራል፤ ገንዳው የግድግዳውን እግር ይበላና የላዩ አፈር ተቆርሶ ይወድቃል፤ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ይሄዳል። በዋልካ፣ ማለትም በጥቁር ሸክላማ መሬት ላይ ሌላም መንገድ አለ። በበጋ የተሰነጠቀው መሬት በክረምት መግቢያ ውሃውን በስንጥቆቹ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ውሃው ከሥር መተላለፊያ ይቦረቡራል፤ በመጨረሻም ጣሪያው ይደረመሳል። በነሐሴ ወደ እንዲህ ያለ ቦረቦር ሲጠጉ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ከአፋፉ ወደ ማሳው በኩል አንድ ወይም ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ስንጥቅ አለ ወይ? ከግድግዳው እግር ውሃ ይሰርጋል ወይ? የወደቀው ጓል ገና ጠርዙ የሰላና ሣር ያልበቀለበት ነው ወይ? ሦስቱም ካሉ ቦረቦሩ ሕያው ነው፤ መጪው ክረምት ያሰፋዋል። ወለሉ ሣር የለበሰና ግድግዳው ጋደል ያለ ከሆነ ግን እየረጋ ነው፤ ከላይ ከሚመጣው ውሃ ከጠበቁት ራሱን ያድናል።

እዚህ ላይ ስለ ረባዳው መሬት ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በወሎ ማይባር ከተቋቋሙ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች በተገኙ የረጅም ዓመታት መረጃዎች የተረዳነው፣ ጎርፍ በብዛት የሚመነጨው አፈራቸው ከሳሳ የተራቆቱ ገመገሞችና ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ውሃ ከጠገቡ ግርጌ ላይ ካሉ ረባዳ ቦታዎች መሆኑን ነው። ውሃ የጠገበ መሬት ተጨማሪ ዝናብ አይቀበልም፤ ሥሩም ለስላሳ ስለሚሆን የቦረቦር ግድግዳ በቀላሉ ይደረመሳል። ስለሆነም 2 በመቶ ቁልቁለት ያለው የግጦሽ ረባዳ በቁልቁለት ካርታ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ሊታይ፣ በእውነቱ ግን የተፋሰሱ አደገኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ ሲረገጥ እግር የሚውጠውን፣ ረግረግ ሣር የበቀለበትን መሬት ሁሉ ለብቻው ያስምሩ።

ስድስተኛ፦ የሚታጠበውን አፈር በስሌት መገመት

የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1981 ከተጀመረ በኋላ በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የምርምር ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው አንጀኒ 113 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ተፋሰስ ነው። ከእነዚህ ጣቢያዎች በተገኘ ልምድ ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ዓለም አቀፉን የአፈር መታጠብ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ በሚስማማ መልኩ አዘጋጅተውታል። ስሌቱ ስድስት ቁጥሮችን እርስ በርስ ማባዛት ነው፤ የዝናብ፣ የአፈር፣ የርዝመት፣ የቁልቁለት፣ የሽፋንና የአያያዝ።

የዝናቡ ቁጥር የሚገኘው ዓመታዊውን የዝናብ መጠን በሚሊ ሜትር በ0.562 አባዝቶ 8.12 በመቀነስ ነው። ለአፈር፣ ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30 ይሰጠዋል። ለርዝመት፣ 10 ሜትር 0.7፣ 20 ሜትር 1.0፣ 40 ሜትር 1.4፣ 80 ሜትር 1.9፣ 160 ሜትር 2.7 ነው። ለቁልቁለት፣ 5 በመቶ 0.4፣ 10 በመቶ 1.0፣ 15 በመቶ 1.6፣ 20 በመቶ 2.2፣ 30 በመቶ 3.0፣ 40 በመቶ 3.8 ይሆናል። ለሽፋን፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01፣ የተጎዳ ሣር 0.05፣ ማሽላና በቆሎ 0.10፣ ሌሎች የብርዕና የጥራጥሬ ሰብሎች 0.15፣ ጤፍ 0.25 ነው። ለአያያዝ፣ ሽቅብና ቁልቁል ማረስ 1.0፣ አግድም ማረስ 0.9 ይይዛል። በሁለት ቁጥሮች መካከል ለሚወድቅ ልኬት ከሁለቱ ባለው ርቀት መጠን የሚገኘውን ቁጥር ይውሰዱ፤ ለምሳሌ በ10 እና በ15 በመቶ መካከል ላለው ለ12 በመቶ 1.24።

ዓመታዊ ዝናቡ 1,200 ሚሊ ሜትር በሆነ ተፋሰስ ውስጥ ሦስት ቦታዎችን እናወዳድር። የዝናቡ ቁጥር ለሦስቱም 666 ነው። የመጀመሪያው ቀይ አፈር፣ 40 ሜትር ርዝመት፣ 15 በመቶ ቁልቁለት፣ አግድም የታረሰ የጤፍ ማሳ ነው፤ ሲባዛ በዓመት በሄክታር 84 ቶን ይወጣል። ሁለተኛው ቡናማ አፈር፣ 80 ሜትር ርዝመትና 40 በመቶ ቁልቁለት ያለው፣ ሣሩ የተጎዳ ገደላማ ግጦሽ ነው፤ ስለማይታረስ የአያያዝ ቁጥሩ 1.0 ተወስዶ 48 ቶን ይሆናል። ሦስተኛው ጥቁር አፈር፣ 80 ሜትር ርዝመት፣ 5 በመቶ ቁልቁለት፣ አግድም የታረሰ የጤፍ ማሳ ሲሆን 17 ቶን ይሰጣል። በቁልቁለት ብቻ ብንመራ ኖሮ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ሁለተኛው ይሰማራ ነበር፤ ነገር ግን ይበልጥ የሚታጠበው የመጀመሪያው ነው። በዚሁ ማሳ ላይ በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራ የርዝመቱ ቁጥር ከ1.4 ወደ 0.7 ስለሚወርድ ኪሳራው ወደ 42 ቶን ይቀንሳል። ሁለተኛውን ቦታ ደግሞ ከእንስሳት ንክኪ ከልሎ ሣሩ ጥቅጥቅ እንዲል ማድረግ ብቻ ኪሳራውን ወደ 10 ቶን ገደማ ያወርደዋል።

አሃዙን ለአርሶ አደሩ ለማስረዳት ወደ ውፍረት ይለውጡት። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር 12 ቶን ገደማ ስለሚመዝን 84 ቶን ማለት 7 ሚሊ ሜትር ነው። አፈር በአገራችን የሚተካበት ፍጥነት እንደየአካባቢው በዓመት በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን ሲገመት፣ ከእርሻ መሬት የሚታጠበውን ግን ሁርኒ በአማካይ 42 ቶን አድርሰውታል።

ስሌቱ የማይመልሳቸው ነገሮች አሉ፤ ቦረቦርን፣ የመሬት መንሸራተትንና ውሃ የጠገበ ረባዳን አይቆጥርም፤ ከላይ የታጠበው አፈር መሐል ላይ የሚቀርበትን ሁኔታም አያሳይም። ስለዚህ ማሳዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ይጠቀሙበት እንጂ ወደ ወንዝ የሚገባውን ደለል በእርሱ ለክቻለሁ አይበሉ።

ሰባተኛ፦ ቅደም ተከተል ማውጣት

አሁን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሁሉም ይሰበሰባል። በስሌቱ በዓመት በሄክታር ከ50 ቶን በላይ የሚያጡ ቦታዎች ቀይ፣ ከ30 እስከ 50 ብርቱካናማ፣ ከ10 እስከ 30 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ያሉት አረንጓዴ ይቀቡ። በዚህ ላይ ሕያው ቦረቦሮች፣ ውሃ የጠገቡ ረባዳዎች፣ የመንገድ ቱቦዎች፣ የፈሰስ መገናኛዎችና የከብት መሄጃዎች በጥቁር ይሰመሩ። የአፈሩ ጥልቀት ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነበት ቦታ ሁሉ በቀለም ደረጃው አንድ ደረጃ ወደ ቀይ ከፍ ይበል፤ ያለው ጊዜ አጭር ነውና። ቀይ ቀለም ያለው ማሳ በቀጥታ ወደ ሕያው ቦረቦር ውሃ የሚሰድ ከሆነ ከሁሉም ይቀድማል።

ካርታው በጎጥ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ሊታረም ይገባል። ማሳው ቀይ የተቀባበት ሰው እንደ ነውር እንዳይወስደው፣ መሬቱንም እንደሚነጠቅ እንዳይጠረጥር አስቀድሞ ይነገረው። ጉልበት የሌላቸውን አረጋውያንና በሴት የሚመሩ ቤተሰቦችን ማሳ ማን እንደሚያግዝ እዚያው ይወሰን፤ አለበለዚያ በእነርሱ ማሳ በኩል የሚቀረው ክፍተት የሌላውን ሁሉ እርከን ያፈርሳል።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ውሃ ሳይያዝ ከታች የተከበ ክትር ክረምቱን አይዘልቅም። የሥራው ዓይነት ከቦታው ጠባይ ይመረጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ቁልቁለት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ቢተካም እነዚህ ወሰኖች ለዕቅድ ጥሩ መነሻ ናቸው። ዝናብ በሚበዛበትና ዋልካ በሆነ ቦታ ወደ ጎን በመጠኑ ዝቅ እያለ ውሃውን ወደ ሣር የለበሰ መፋሰሻ የሚወስድ እርከን ያስፈልጋል፤ ውሃ አግቶ የሚይዝ ደልዳላ እርከን እዚያ ሲሠራ ማሳው ውሃ ይተኛበታል፣ ሲጣስም ራሱ ቦረቦር ይወልዳል። ውሃ ለጠገበ ረባዳ ደግሞ ክትር ብቻውን አይበቃም፤ የቦረቦሩን ራስ ጋደል አድርጎ ማስተካከል፣ ሣር መትከልና ከብት ማራቅ ይቀድማሉ።

ስምንተኛ፦ ካርታውን በየዓመቱ ማደስ

ካርታው አንድ ጊዜ ተሠርቶ መዝገብ ቤት የሚቀመጥ ሰነድ አይደለም፤ አዲስ መንገድ ሲወጣ፣ ግጦሽ ሲታረስ ወይም ከእንስሳት ንክኪ የተከለለ ቦታ ሲከፈት ደረጃው ይለወጣል። ለክትትል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ሕያው ቦረቦር ራስ ላይ ከአፋፉ 1፣ 2 እና 3 ሜትር ርቀት ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው የፌሮ ብረቶች ከክረምት በፊት ይተከሉ፤ በተመረጡ ቀይ ማሳዎች ላይም ከሣር ድንበሩ በላይ በኩል የአፈሩ ከፍታ የሚመለከትበት ብረት ይቀመጥ። ብረቶቹ የቆሙበትን ቦታ፣ የተተከሉበትን ቀንና ከመሬት በላይ የቀረውን ርዝመት ከሁለት ሰው ፊርማ ጋር በደብተር ያስፍሩ።

መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ኮሚቴው ዞሮ ያነባል። የመጀመሪያው ብረት ከወደቀ ቦረቦሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ሄዷልና ከላይ ያለው ውሃ ገና አልተያዘም፤ ያንን ውሃ የሚሰደው ማሳ፣ ፈሰስ ወይም ቱቦ ተፈልጎ በዚያው ዓመት ዕቅድ በመጀመሪያው ረድፍ ይገባል። ሦስቱም ብረቶች ቆመው ራሱ ሣር ከያዘ ቦረቦሩ በቅደም ተከተሉ ዝቅ ይልና ለእርሱ ተመድቦ የነበረው ጉልበት በዝርዝሩ ላይ ወደሚከተለው ቦታ ይዛወራል።